ያልተበላው ጉርሻ

ከቀጠሮው ግማሽ ሰዓት ቀድሜ ደረስኩ። ይህ የእርጅና ጠባይ ነው፤ ወይም የፍርሃት። የልጅ ልጄ ምሕረት «እምዬ፣ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ኮብል ነይ፤ ምሳ እንጋብዝሻለን» ብላኝ ነበር። «እንጋብዝሻለን» ማለቷ ሁለት ስለሆኑ ነው። ሁለተኛውን ሰው እስከዚያች ሰዓት በዓይኔ አላየሁትም። ስሙ ዮናታን እንደሚባል፣ አገሩ ሐዋሳ እንደሆነ፣ እዚህ ዩኒቨርሲቲ እንደሚያስተምር ብቻ ነው የማውቀው። መንገዱ በተኩሱ ሳቢያ ሲዘጋና ሲከፈት ከርሞ፣ አሁን ክፍት ነው ስለተባለ በማግስቱ ጠዋት በሚወጣው መኪና ወላጆቹ ዘንድ ሊሄድ ተነሥቷል። ይዞት የሚሄደው መልስ ደግሞ የእኔ ነው። የምሕረት እናት፣ ልጄ፣ ልጅቷ ስድስት ዓመቷ ሳለ ነው ያረፈችው፤ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ሽማግሌ ይላክ ወይም ይቅር የምለውም እኔው ነኝ። ሐሙስ ዕለት እግሬን እያጠበችኝ «እምዬ፣ አንቺ እምቢ ካልሽ እተወዋለሁ» አለችኝ። ይህን ስትል ቀና ብላ አላየችኝም። እኔም የማየው የገዛ ጣቶቼን ነበር። አንቺ እያለች በመጥራቷ ጎረቤቶቼ ሁሌም ያሙኛል፤ «የደብረ ታቦር ልጅ አያቷን አንቺ ስትል የት ታይቷል?» ይላሉ። ያበላሸኋት እኔ ነኝ፤ ደግሞም ደስ ይለኛል።

ዛሬ ኮብል የሚሉት ሰፈር በእኛ ጊዜ የራሱ ስም አልነበረውም፤ «ከገበያው በላይ» ነበር የምንለው። አሁን መንገዱ የተጠረበ ድንጋይ ተነጥፎበት፣ ግራና ቀኙ ካፌ ብቻ ሆኗል። ከጉና የሚወርደው ነፋስ የእውነተኛ ሣር ሽታ እደጃቸው ድረስ እያመጣላቸው፣ እነሱ ግድግዳቸው ላይ የፕላስቲክ ሣር ይለጥፋሉ። ወጣቱ ማኪያቶውን ከፊቱ አስቀምጦ ስልኩን ያያል፤ ጭማቂው በሦስት ቀለም ተደራርቦ በረጅም ብርጭቆ ይመጣል፤ ሴቶቹ ሱሪ ለብሰው፣ እግራቸውን አነባብረው፣ ወንዶቹን አፍ ለአፍ እየተከራከሩ ይስቃሉ። አልነቅፋቸውም። እኩዮቼ «ዘመን ከፋ» ሲሉ ስሰማ ይነደኛል፤ ስለ እኛም እኮ እንዲሁ ተብሏል። አንድ ነገር ብቻ አይዋጥልኝም፤ ሁሉም የየራሱ ሳህን አለው። አራት ሆነው መጥተው አራት ሳህን ያስቀርባሉ። ከዚህ በቀር ግን ሰፈሩ አምሮበታል። ሰዉ ፊቱን ወደ በር አዙሮ መቀመጥ ለምዷል እንጂ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሆን ሁሉም ወደየቤቱ ለመግባት ይጣደፋል እንጂ፣ አምሮበታል።

የተቀመጥኩት ከመስኮቱ አጠገብ ነው። ቦርሳዬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ማሰሪያውን እየፈታሁ እየቋጠርኩ ሳለ ከጓዳው በኩል አዋዜ የጋለ ስብ ላይ ሲያርፍ የሚወጣው ሽታ መጣ። ጉሮሮን ቆንጠጥ አድርጎ ዓይን የሚያስለቅሰው ሽታ። ያን ጊዜ ነው የት እንደተቀመጥኩ የገባኝ። የማዕዘኑ ቤት ነው። ግንቡ አዲስ ነው፣ መስታወቱም አዲስ ነው፤ ቦታው ግን የወይዘሮ አስካለ ምግብ ቤት የነበረበት ቦታ ነው። በዚህ ሁሉ ካፌ መሃል ምሕረት ይህንን መርጣ ቀጠረችኝ። አልነገርኳት፤ ከየት ታውቃለች? ለማንም አልነገርኩም።

የአስካለ ቤት ጭቃ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ክዳን ነበር። በሩ ላይ «ሆቴል» ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፎ፣ «ል»ዋ ለብቻዋ ወደ ታች ወርዳ ነበር። ውስጡ አግዳሚ ወንበሮች፣ ሰማያዊ የተቀቡ ጠረጴዛዎች፣ ጥግ ላይ አንድ የሸክላ ማጫወቻ። ጥብስ በብር ከስሙኒ፣ ዱለት በስሙኒ፣ ሻይ በአሥር ሳንቲም። ጠጁ በብርሌ ይቀዳል፤ አስካለ ራሷ ከበርሜሉ አጠገብ ቆማ፣ የሚሰክረውን ከመስከሩ በፊት ከዓይኑ ታውቀዋለች ይባል ነበር። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የከተማው መምህራን ያንን መንገድ ሽቅብ ቁልቁል እንመላለስበታለን። «ወክ» እንለው ነበር። ወንዶቹ የሱሪያቸው እግር ጭቃውን የሚጠርግ ሰፊ ቤልቦተም፣ ጠጉራቸው እንደ ቅርጫት ክብ። እኔ ቢጫ ቀሚስ ነበረችኝ፤ ገበያው ዳር በረንዳ ላይ የሚሰፋው አሊ ጉልበቴን አጋልጦ ሊቆርጣት ሲል «ኧረ አንተ፣ አባቴ ያርዱኛል!» ብዬ ያስረዘምኳት። ከአስካለ በር ፊት ለፊት ስንደርስ ሴቶቹ እንፈጥናለን፤ ዘፈኑን ግን እየሰማን ነው የምንፈጥነው። ሴት መምህርት ምግብ ቤት ገብታ ተቀመጠች ማለት በሦስተኛው ቀን ወሬው ገጠር ደርሶ ወላጅ በቅሎ ጭኖ መጣ ማለት ነው።

ግርማ የአስካለ ደንበኛ ነበር። የሂሳብ መምህር፣ የአሰላ ልጅ፣ ወንደላጤ፤ ቁርሱም ምሳውም እራቱም እዚያ ነው። ቀጠን ያለ፣ ሲያስብ ጠመኔ የሚነክስ፣ ከንፈሩ ሁልጊዜ ነጭ የሆነ ሰው። አንድ ቀን በመስከረም ከትምህርት ቤት ስንወጣ ዝናቡ አጥለቀለቀን። ጃንጥላውን ሰጠኝ። አብሮኝ ይጠለላል ብዬ ስፈራ፣ እሱ አሥር እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርቶ፣ እየበሰበሰ፣ እስከ አክስቴ ደጅ ድረስ ሸኘኝ። ከተማ ውስጥ የምኖረው ከአባቴ እህት ከአክስቴ ከጥሩነሽ ጋር ነበር። በበሩ ቀዳዳ አይታው «ይኼ ዳክዬ የማን ነው?» አለች። እኔ ግን ያን ቀን ነገሩ አልቆልኝ ነበር።

አባቴ ገበሬ ነበሩ፤ ከጋፋት ባሻገር ነው አገራችን፣ ከከተማ በእግር ሁለት ሰዓት የማይሞላ። ተፈሪ ሱሪያቸው፣ ጋቢያቸው፣ የወይራ ዘንጋቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም። ብቻ አንድ ነገር ያምናሉ፤ ሰው የሚታወቀው ማዕድ ላይ ነው ይላሉ። «ጸሎቱን ለሰው ብሎ ሊጸልይ ይችላል፤ ሲበላ ግን ራሱን አይደብቅም» የሚሏት ነገር ነበረቻቸው። ታላቅ እህቴን ሲድሩ ከአማቻቸው ጋር አስቀድመው አንድ ትሪ ላይ በልተዋል። የአጎቴን ልጅ የጠየቀውን ሰው ደግሞ፣ ሥጋውን ወደ ራሱ ጠጋ ጠጋ ሲያደርግ አይተው፣ «ከብቱ ብዙ ነው፤ ግን ይርበዋል» ብለው መለሱት። እንግዲህ አክስቴ የእኔን ነገር በለሆሳስ ስትነግራቸው የሰጡት መልስ የታወቀ ነበር፤ «ዘሩን አላውቅ፣ አገሩን አላውቅ። ሽማግሌውም ቢላክ ከማን ወገን ብዬ እቀበለዋለሁ? ልጁን ሲበላ ልየው።» ቤታቸው አይጋብዙት ነገር፣ ደጃቸውን ረግጦ ከበላ ግማሽ እሺታ ይሆናል። ስለዚህ በቅዳሜ ገበያ፣ እንደ ድንገት፣ አስካለ ቤት ይገናኙ ተባለ። አባቴ እምቢ ካሉ ነገሩ ያኔውኑ ይቀራል፤ እኔም የትምህርቱ ዓመት ሲያልቅ ወደ ገጠር ተመልሼ ለሚሰጡኝ ሰው እሰጣለሁ።

ሳምንት ሙሉ አልተኛሁም። ከትምህርት በኋላ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ቆመን ግርማን አስጠናሁት። አገርህ አሰላ ነው፣ የእኛን አገር ጨዋነት አታውቀውም አልኩት። «እርስዎ» አትበላቸው፣ «አንቱ» በል። እሳቸው ሳይጀምሩ አትጀምር። ከፊትህ ብቻ ቁረስ። ሥጋ ፍለጋ እጅህን አታዝምት። ዋናው ደግሞ ይኼ ነው፤ «ብላ» ሲሉህ ቶሎ አትብላ። ቶሎ የበላ ስግብግብ ነው። አንዴ እምቢ በል፤ ሁለቴም እምቢ በል፤ ሦስተኛ ሲለምኑህ ብላ። «ሁለቴ ብቻ?» አለኝ። ሁለቴ አልኩት። የክፍል ደብተሩን አወጣና ቁጥር ሰጥቶ ጻፈው። እየሳቅኩ ነበር፤ እግዜር ያውቃል፣ እየሳቅኩ ነበር። ከአያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ፤ እንዲያ አድርጌ ያዝኩት።

(እነ ምሕረት አልመጡም። ሰዓቴን አያለሁ። አስተናጋጇ ሦስተኛ ጊዜ መጥታ «እማማ፣ ምን ላምጣልዎት?» አለችኝ። «ሰው እየጠበቅኩ ነው» አልኳት፤ ፊቷን ሳየው ሰው የማይመጣላት አሮጊት መስያት ነበር።)

ያ ቅዳሜ ደረሰ። አባት ያሉበት ማዕድ ላይ እኔ እንደማልቀርብ ግልጽ ነው። አክስቴና እኔ በጓዳው በር ገብተን፣ ጓዳውን ከአዳራሹ ከሚለየው አበባማ መጋረጃ ጀርባ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ተቀመጥን። መጋረጃው መሃሉ ላይ ቀዳዳ ነበረው፤ በሲጋራ የተቃጠለ ይመስለኛል። በዚያ ቀዳዳ ነው ሕይወቴን ያየሁት። ግርማ የአሊን ስፌት አዲስ ኮት ለብሶ ቀድሞ ተቀምጧል። አባቴ ሲገቡ ብድግ አለ። «እንደምን ዋሉ አባቴ? አንቱ በዚህ ይቀመጡ» አለ፤ ምላሱ ላይ «አንቱ»ዋ ትንሽ ተንሸራተተች እንጂ ደኅና አላት። አስካለ የእጅ መታጠቢያ ይዛ ስትመጣ ከእጇ ማንቆርቆሪያውን ተቀብሎ ራሱ አስታጠባቸው። ይህንን እኔ አላስተማርኩትም። አባቴ እጃቸውን እያራገፉ «ተባረክ» አሉ። አክስቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ።

ጥብሱ በትሪ መጣ። አባቴ አማትበው ቆረሱ፣ እሱም ተከተለ። «ብላ እንጂ!» አሉት። «እየበላሁ ነው አባቴ፣ በቃኝ» አለ። «ብላ!» አሉ። «ይብቃኝ» አለ። ሦስተኛ ሲሉት በላ። አባቴ ከጺማቸው ሥር ፈገግ ሲሉ በቀዳዳው አየሁ። ጠጁም እንደዚያው ሆነ፤ ሁለቴ እምቢ፣ በሦስተኛው ብርሌውን በሁለት እጁ ተቀበለ። ስለ አሰላ ገብስ ጠየቁት፣ ስለ እኛ ገብስ ነገሩት። ስለ በግ አወሩ። አባቴ ሳቁ፤ ድምፅ አውጥተው ሳቁ። አክስቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «እልል ልበል?» አለች። ደሜ ፊቴን አጋለው። ደስታ መሆኑ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ደስታ አግኝቼ እንደሆን አላስታውስም።

ከዚያ አባቴ እጃቸውን ወደ ትሪው መሃል ሰደዱ። የጎድኑን ሥጋ መረጡ፣ ከአዋዜው አጠቀሱ፣ በእንጀራ ጠቀለሉ፣ ከተቀመጡበት ከፍ ብለው ዘረጉት። ትልቅ ጉርሻ ነበር፤ አባቴ ለልጆቻቸው እንጂ ለሌላ ሰው እንደዚያ ያለ ጉርሻ አይጠቀልሉም። «እንካ ልጄ» አሉ። ልጄ አሉት።

ግርማ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። አንገቱን ሰበር አደረገ። እንዳስተማርኩት ፈገግ አለ። «አይ አባቴ፣ በቃኝ፤ አንቱ ይብሉ» አለ።

ስለ ጉርሻ አልነገርኩትም ነበር። ይህ እንዴት ይነገራል? ጉርሻ እምቢ እንደማይባል የማያውቅ ሰው አለ? ማዕድ እምቢ ይባላል፣ ጠጅ እምቢ ይባላል፤ ከሽማግሌ እጅ የተዘረጋ ጉርሻ ግን አፍ ከፍቶ መቀበል ነው። መጋረጃውን ጨበጥኩት። የአባቴ እጅ አልወረደም። «በሞቴ!» አሉ። ድምፃቸው ገና ለስላሳ ነበር። «ኧረ በቃኝ አባቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለ ግርማ፤ ደግሞ እኮ በጣም በትሕትና ነው ያለው። አጠገባቸው የተቀመጡት ከእብናት እህል ይዘው የመጡ ነጋዴዎች ማኘካቸውን አቆሙ። አንደኛው «ኧረ ጉድ!» አለ። አዋዜው በአባቴ አንጓ ላይ ወርዶ የእጅጌያቸውን ጠርዝ ነካ። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። ግርማ ሦስተኛዋን እየጠበቀ ነው፤ ዓይኑ ላይ አየሁት። ከንፈሩን አዘጋጅቷል። አንዲት «እንካ» ብቻ ናት የቀረችው።

መጋረጃውን ገልጬ «ጉረስ!» ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል። ነገር ግን ያላገባች ልጅ ከጓዳ ወጥታ፣ ገበያተኛ በሞላበት ቤት፣ አባቷ ፊት ለወንድ «ጉረስ» ትላለች? ይሉኝታ ያዘኝ። ይሉኝታ ይሙት! ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። አባቴ እጃቸውን ቀስ አድርገው አወረዱ፤ ጉርሻውን ትሪው ጠርዝ ላይ አስቀመጡት። ጉርሻ ተመልሶ ሲቀመጥ በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት። ጋቢያቸውን አነሡ፣ ዘንጋቸውን ያዙ። በጓዳው በር በኩል ሲያልፉ ለአክስቴ እንዲህ አሏት፤ «ከእጄ ያልበላ ሰው ከቤቴ አይገባም።» እኔን አላዩኝም፤ ወይም እንዳላዩ ሆኑ።

በማግስቱ አክስቴ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሳትስም ወደ ገጠር ሄደች። «ወንድም ጋሼ፣ ልጁ አላጠፋም፤ ሁለቴ እምቢ በል ብላ ያስተማረችው ያንቱ ልጅ ናት» አለቻቸው። አባቴ እንዲህ ብለው መለሱላት፤ «ይሁና፣ ጨዋነቱን እሷ አስተማረችው። እጄ ሲንቀጠቀጥ ማየትንም እሷ ታስተምረው?» ደግሞ ነጋዴዎቹ ያዩትን አውርተው፣ ወሬው ከአባቴ ቀድሞ አገር ገብቶ ነበር። ቃላቸውን ቢያጥፉ ጎረቤት ምን ይላል? ግርማን ከባሕር ዛፎቹ ሥር ሳገኘው ፊቱ ጠቁሮ ነበር። «በእኛም ቤት ጉርሻ ሲዘረጋ አፍ ይከፈታል» አለኝ። «የእናንተ ሌላ መሰለኝ። ከራሴ ይልቅ አንቺን አመንኩ።» አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ክረምት ሊገባ ሲል ዝውውር ጠይቆ አገኘ። «አብረን እንሂድ» አለኝ። «አባቴ በሕይወት እያሉ ያለ ምርቃታቸው አልሄድም» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ቢደግመው ምን እል እንደነበር አላውቅም። በማግስቱ ጠዋት ጃንጥላው የአክስቴ በር ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት፤ እሱ የተሳፈረበት መኪና ሄዷል። በኋላ ርዕሰ መምህር ሆነ፣ አገባ፣ ልጆች ወለደ ሲሉ ሰማሁ። እኔም አባቴ ማዕድ ላይ አይተው የወደዱትን አንድ የግብርና ሠራተኛ አገባሁ። ባሌን አልወቅሰውም፤ ደግ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። ጃንጥላውን ግን ጨርቁ እስኪያልቅ ያዝኩት፤ ከዚያም ሽቦውን ቁም ሣጥን ላይ አኖርኩት።

ብዙ ዓመት አለፈ። አባቴ ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ ሲላቸው ወደ ከተማ አምጥቼ እኔ ቤት አስተኛኋቸው። ያ እጅ ሙቶ ነበር፤ የማጎርሳቸው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን በወተት የራሰ ፍትፍት ይዤ «ይብሉ አባባ» አልኳቸው። «በቃኝ» አሉ። «ትንሽ ብቻ» አልኩ። «በቃኝ አልኩሽ» አሉ። ቀኑን ሙሉ ስሠራ ውዬ ደክሞኛል፤ እጄን መለስኩና ጉርሻውን ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩት። የተቀመጠውን ጉርሻ ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ አነጋገራቸው የተጣመመ ቢሆንም ቃሉ እየለየ «ሦስተኛ ብለምነው ኖሮ፣ ያ ልጅ ይጎርስ ነበር?» አሉኝ። ያ ልጅ የተባለው ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ስሙ ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ውሸት ብናገር ይሻል ነበር ይሆን? «ይጎርስ ነበር፣ አባባ» አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቆይተው መልሰው አዞሩትና አፋቸውን ከፈቱልኝ።

እንግዲህ ይህንን ሁሉ ይዤ ነው ያ ካፌ ውስጥ የተቀመጥኩት። ምሕረት ከልጁ ጋር እየሮጠች ገባች፤ መንገድ ላይ ፍተሻ አቆይቷቸው ነው። ዮናታን ረጅም ነው፣ ጺሙን ያሳደገ፣ ሸሚዙን ለዚያች ቀን የተኮሰ። ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሊስም ሲል በትከሻው ያዝኩት። «እንደምን ነዎት እማማ? እርስዎን ስላስጠበቅን ይቅርታ» አለ። እርስዎ። አስተናጋጇ የምግብ ዝርዝሩን ስታመጣ ምሕረት «በርገሩ እዚህ በጣም ጥሩ ነው እምዬ» አለችኝ። በርገር በሁለት እጅ ተይዞ ለብቻ የሚበላ ነገር ነው። «ጥብስ ይምጣልን» አልኳት አስተናጋጇን። «ሦስት ጥብስ?» «አንድ። ለሦስታችን የሚበቃ፣ በአንድ ትሪ።» ምሕረት ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ጎንበስ አለች።

እየበላን ሳለ መንገዱ ላይ አንድ ነገር ጮኸ። የመኪና ጎማ ነው ተባለ፤ ይሁን ሌላ እንጃ። ካፌው በሙሉ እጁን አንጠልጥሎ ወደ በሩ አየ። ዮናታን ተነሥቶ ወንበሬን እኔው በላዩ እንዳለሁ ከመስኮቱ ራቅ አደረገው፤ ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠ። ቆይቶ ሰዉ መሳቅ ጀመረ፤ የቡናው ማሽንም እንደገና እንፋሎቱን ተነፈሰ። ልቤ ገና አልተመለሰም ነበር። እጄን ወደ ትሪው መሃል ሰደድኩ። ሥጋ መረጥኩ፣ አጠቀስኩ፣ ጠቀለልኩ። ትልቅ አድርጌ ጠቀለልኩ። «እንካ ልጄ» አልኩት።

እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «አመሰግናለሁ እማማ፣ በቃኝ፤ እርስዎ ይብሉ» አለ።

ወደ ምሕረት ዞርኩ። ዓይኗን ጨፍናለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ማን እንዳስጠናው አወቅሁ፤ እሷን ማን እንዳስጠናትም አወቅሁ። ሕፃን ሳለች ሰው ቤት ስትሄድ በር ላይ ይዤ «ሁለቴ እምቢ በይ፣ በሦስተኛው ትበያለሽ» ያልኳት እኔ ነኝ። «እንካ እንጂ» አልኩት። «ኧረ በቃኝ እማማ፣ በእውነት» አለ። አዋዜው አንጓዬ ላይ ወረደ።

እውነቱን ልናገር፤ ተቆጣሁ። ሁሉንም እያወቅሁ፣ የገዛ ትምህርቴ መሆኑን እያየሁ፣ ተቆጣሁ። የተዘረጋ እጅ ይከብዳል፤ ሰው እያየው ደግሞ ይብስ ይከብዳል። አጠገባችን ያሉት ወጣቶች ከስልካቸው ቀና ብለው ያዩን ነበር። ክንዴ በራሱ ሊወርድ ፈለገ፣ ጣቶቼ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። አባቴን ይቅር ያልኳቸው ያን ጊዜ ነው፤ አልጋቸው አጠገብ ሆኜ አልነበረም፣ ሲቀበሩም አልነበረም። ልጁ አየኝ። ፊቴን ሳይሆን እጄን ነው ያየው። ወደፊት ሊጠጋ ሲል፣ የተማረው ነገር መልሶ ያዘው መሰለኝ፣ ቆመ።

«እንካ» አልኩት ለሦስተኛ ጊዜ። ልመና ነበር፤ አላፈርኩበትም።

አፉን ከፈተ። ጉርሻው ትልቅ ስለነበር ጉንጩ ተነፋ፣ አዋዜው ዓይኑን አስለቀሰው፣ በመዳፉ አፉን ይዞ ታገለ። ጉርሻና ፍቅር ካላስጨነቀ አያምርም ይባላል፤ ያን ያህል ያስጨንቃል ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር። ምሕረት ይዛው የነበረውን ትንፋሽ ለቀቀችና በነጠላዬ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች። እኔ እጄን ሳልጠርግ ሁለተኛውን ጉርሻ መጠቅለል ጀመርኩ።

«ለወላጆችህ ንገራቸው፣ ሽማግሌ ይላኩ» አልኩት። አፉ ሙሉ ስለነበር ሊመልስልኝ አልቻለም።